ማስፋፊያው ፈረቃን ያስቀራል ወይስ ጥበትን?

ልጄ ባለፈው ሐሙስ በደብተሩ መካከል አጣጥፎ ያመጣልኝ ቁራጭ ወረቀት፣ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ማስፋፊያ ላይ ለመወያየት ወላጆች በሙሉ እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንድንገኝ የሚጠይቅ ነበር። ከሥሩም «የማይገኝ ወላጅ በሚተላለፈው ውሳኔ እንደተስማማ ይቆጠራል» የሚል ማሳሰቢያ ሰፍሮበታል። ስብሰባ የሚባል ነገር ባልወድም ይህች ማሳሰቢያ አስነሥታ ወሰደችኝ። ወረቀቱ አሁንም ከፊቴ ነው፤ ጀርባው ስብሰባው ላይ ተቀምጬ በሠራሁት ሒሳብ ሞልቷል። ይህንን ጽሑፍ የምጽፈውም በዚያ ሒሳብ ምክንያት ነው።

ደሴን የሚያውቅ ሰው የትምህርት ቤቱን አቀማመጥ ለመገመት አይቸገርም። ወደ ጦሳ ተራራ በሚያቀናው ዳገት ላይ የተሠራ በመሆኑ ግቢው በሦስት እርከን የተደለደለ ነው፤ ከላይኛው እርከን ላይ የጭቃ ግድግዳ ያለው አሮጌ ብሎክ፣ ከመካከለኛው ላይ በብሎኬት የተሠሩ ሁለት ብሎኮች፣ ከታችኛው ላይ ደግሞ ልጆቹ የሚሰለፉበትና ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ይገኛል። እያንዳንዱ ብሎክ አራት አራት መማሪያ ክፍል ስላለው በድምሩ 12 ክፍል ነው። ስብሰባው እስኪጀመር ልጄ በሚማርበት የሦስተኛ ክፍል ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩና ዴስኮቹን ቆጠርኩ፤ 17 ናቸው። ዴስኩ ለሦስት ልጅ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን አራት፣ አንዳንዴም አምስት ሆነው እንደሚቀመጡበት ልጄ ሁልጊዜ ይነግረኛል። ከዳር የሚቀመጠው ልጅ አንድ ጭኑን ብቻ ከወንበሩ ላይ አሳርፎ በሌላው እግሩ መሬቱን እየደገፈ ነው የሚጽፈው። የልጄ ሱሪ ከመቀመጫው በግራ በኩል ብቻ እየሳሳ የሚያልቅበትን ምክንያት ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልረዳ ኖሬ፣ የገባኝ ያን ዕለት እሱ ከሚቀመጥበት ቦታ ላይ ስቀመጥ ነው።

ጥበቱ ትናንት የመጣ አይደለም። ከተማችን በጦሳና በአዝዋ ተራሮች መካከል የተጣበቀች ስለሆነች ሜዳ የሆነ ቦታ ሁሉ ከተያዘ ቆይቷል፤ ሰው ግን ከዙሪያው ወረዳዎች መምጣቱን አላቆመም። ከስብሰባው ተካፋዮች አንዱ የችግሩን መነሻ ከሰሜን ተፈናቅለው በመጡ ሰዎች ላይ ሊያላክኩ ሲሞክሩ ብዙዎቻችን ቅር ተሰኝተናል። እርግጥ ነው፣ በ2013 እና በ2014 የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በከተማዋ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር፤ በጥቅምትና በኅዳር 2014 ጦርነቱ ደሴ ውስጥ ሲገባም ብዙ ዴስክ፣ ብዙ በርና መስኮት ወድሟል። ይሁን እንጂ የታላቅ ልጄን የአንደኛ ክፍል ምዝገባ አስታውሳለሁ፤ ከጦርነቱ በፊት ነው፤ ያኔም ልጆቹ አራት አራት ሆነው ነበር የሚቀመጡት።

ስብሰባው እንደ ወሎ ወግ በአንድ ሼህና በአንድ ቄስ ምርቃት ከተከፈተ በኋላ ርዕሰ መምህሩ ዕቅዱን አብራሩ። ከሜዳው ጥግ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ይሠራል፤ ምድሩን ጨምሮ በእያንዳንዱ ወለል አራት ክፍል ስለሚኖረው በአጠቃላይ 12 አዲስ ክፍል ይገኛል። ከወጪው ከፊሉን መንግሥት፣ ከፊሉን ደግሞ ኅብረተሰቡ ይሸፍናል።

በመዋጮው ላይ የተነሣው ክርክር ከአንድ ሰዓት በላይ ቢወስድም ብዙ የሚጻፍበት ነገር የለውም። መዋጮው «በፈቃደኝነት» እንደሆነ ተነግሮናል፤ ነገር ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ትምህርት ቤት ታላቅ ልጄን ላስመዘግብ ስሄድ መጀመሪያ የተጠየቅሁት የልደት ካርዱን ሳይሆን የመዋጮ ደረሰኝ ነበር። የቀን ሠራተኛ የሆኑ ወላጆች በጉልበት፣ የግንባታ ዕቃ የሚነግዱት በዕቃ እንዲያግዙ መባሉ ግን ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከዚህ ይልቅ ጆሮዬን የሳበው ከግቢው አጥር በታች የሚኖሩ አንድ አዛውንት የተናገሩት ነው። የልጅ ልጃቸው እዚያው ይማራል። «እኔ ሕንፃውን አልጠላሁም። መሬቱን ግን አውቀዋለሁ። የዛሬ ዓመት ክረምት ከሜዳው ጠርዝ ላይ የተሰነጠቀውን ያያችሁ ታውቃላችሁ። ከላይ ያለ ሰው ሲቆፍር፣ ከታች ያለ ሰው ነው እንቅልፍ የሚያጣው» አሉ። ደሴ ውስጥ መሬት እንደሚንሸራተት ማንም አይስተውም፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውኃ የጠጣ ዳገት ቤት ሲያፈርስ፣ መንገድ ሲቆርጥ አይተን ነው ያደግነው። በተቆረጠ እርከን ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ለማቆም በቂ የአፈር ምርመራ፣ የውኃ ማፋሰሻ ቦይና የድጋፍ ግንብ ያስፈልጋል፤ ይህ ሁሉ በተነገረን ወጪ ውስጥ መካተት አለመካተቱን የጠየቀው አንድ ወላጅ ያገኘው መልስ «በባለሙያ ይታያል» የሚል ብቻ ነበር። ሌሎች ወላጆች ደግሞ ሜዳውን ለልጆቹ ትተን አሮጌውን የጭቃ ብሎክ አፍርሰን በእሱ ቦታ ላይ እንሥራ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ እኔንም ስቦኛል፤ ዝናብ ሲጥል በዚያ ብሎክ ቆርቆሮ ሥር የመምህሩ ድምፅ ጨርሶ አይሰማም፤ ግድግዳውም ቢሆን ዕድሜው ያበቃ ነው። ነገር ግን አራቱን አፍርሰን 12 ብንሠራ የምናተርፈው ስምንት ክፍል ብቻ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ወረቀቱን ገልብጬ መደመርና ማካፈል የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው። ሥራዬ ሒሳብ መዝገብ ስለሆነ ቁጥር ሲጠራ እጄ አያርፍም። ርዕሰ መምህሩ እንደነገሩን ትምህርት ቤቱ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ወደ 1,800 ተማሪ አለው። 12ቱ ክፍሎች በሁለት ፈረቃ ስለሚሠሩ 24 ሴክሽን ይሆናሉ፤ በአማካይ 75 ልጅ በአንድ ሴክሽን ማለት ነው። ለመጀመሪያ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ 50 ነው። አሁን 12 ክፍል ተጨምሮ 24 ክፍል ሲኖረን ሁለት መንገድ ይከፈታል። ፈረቃውን አስቀርተን ልጆቹ ሁሉ ሙሉ ቀን ቢማሩ፣ 1,800ውን ለ24 ስናካፍለው ያው 75 ይመጣል፤ ልጄ ከዳር ተንጠልጥሎ የሚጽፍበት ሰዓት ይጨምራል እንጂ ቦታው አይሰፋለትም። ፈረቃው እንዳለ ቢቀጥል ደግሞ 48 ሴክሽን ይኖረናል፤ በአንዱም ውስጥ 37 ወይም 38 ልጅ ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ይህ ሕንፃ ወይ ፈረቃን ያስቀርልናል፣ ወይ ጥበትን፤ ሁለቱን በአንድ ላይ አያስቀርም። በሦስት ሰዓት ስብሰባ ውስጥ የትኛውን እንደምንመርጥ ማንም አልጠየቀንም።

እጄን አውጥቼ ይህንኑ ስናገር የተፈጠረው ጉምጉምታ ወላጆች በዚህ ላይ ምን ያህል እንደሚለያዩ አሳየኝ። በሐምሌ 2009 ከተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ከሚገኝ ፋብሪካ የምትሠራ፣ በየማለዳው የሐረጎን ቁልቁለት በሰርቪስ የምትወርድ እናት፣ ልጇ ግማሽ ቀን ማንም ሳይጠብቀው መንደር ለመንደር እንደሚዞር ገልጻ፣ ጥበቱን ችላ ሙሉ ቀኑን እንደምትመርጥ ተናገረች። ከጎኔ የተቀመጡት ሴት ደግሞ በጆሮዬ «ሙሉ ቀን ከዋለ ምሳውን ማን ያበላዋል?» አሉኝ። ዳገቱን በቀን ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ መውረድ ለሰባት ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም፤ ምሳ ቋጥሮ የሚልክ ቤት ደግሞ እንደሚባለው ብዙ አይደለም። ልጆቻቸው በአንደኛው ፈረቃ ተምረው በትርፉ ሰዓት መድረሳ ቁርኣን የሚቀሩ፣ ወይም ቄስ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ወላጆችም ይህ ሰዓት እንዳይነካባቸው ይፈልጋሉ። የልጇን የከሰዓት በኋላ ፈረቃ የምትጠላ ሌላ እናት ግን የኅዳርን ብርድ አነሣች። 11 ሰዓት ላይ ሲለቀቁ ፀሐይዋ በጦሳ ጀርባ ቀድማ ስለምትገባ ሰፈሩ ጨለምለም ብሎ ይጠብቃቸዋል። ዓርብ ዕለት ለጁምዓ ሲባል የእኩለ ቀኑ ዕረፍት ስለሚረዝም የከሰዓቱ ፈረቃ ትምህርት እንደሚቆረጥም ተናግራለች፤ ይህ ቅሬታ ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ወላጅ የሚሰማ ነው፤ የሚጠይቁትም ሶላቱ እንዲቀር ሳይሆን ክፍለ ጊዜው እንዲካካስ ነው።

አንዲት መምህርት ደግሞ እኔ ያላሰብኩትን ነገር ጨመሩ። በፈረቃ 48 ሴክሽን መክፈት ማለት አሁን ካለው እጥፍ የሚጠጋ መምህር መቅጠር ማለት ነው፤ በተለይ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል አንድ መምህር አንዱን ሴክሽን ይዞ ስለሚውል ማብቃቃት አይቻልም። ሙሉ ቀን ከሆነ ግን የሴክሽኑ ቁጥር ስለማይለወጥ ያሉት መምህራን ይበቃሉ። እንግዲህ ጥበቱን የሚቀንሰው መንገድ በየወሩ ደመወዝ ይጠይቃል፤ ፈረቃውን የሚያስቀረው መንገድ ግን ሲሚንቶና ብረት ብቻ ይጠይቃል። እኛ የምናዋጣው ለሲሚንቶ ነው። ደመወዙን የሚከፍለው ቢሮ ከእኛ መካከል አልነበረም፤ ስለዚህ ምርጫው ሳይነገረን ከወዲሁ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ይመስለኛል።

ወደ ቤቴ ተመልሼም ሒሳቡን አልተውኩትም፤ ባለቤቴ «ተይው፣ እንጀራሽ ቀዘቀዘ» እስኪለኝ ድረስ። በ1986 በወጣው ፖሊሲ መጀመሪያ ደረጃ ስምንት ዓመት ነበር፤ በ2015 የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ግን መጀመሪያ ደረጃን እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ አድርጎ 7ኛና 8ኛን መካከለኛ ደረጃ ብሎ ለይቷቸዋል። በእኛ ትምህርት ቤት ግን ሁሉም በአንድ ግቢ ውስጥ እንዳሉ ነው። ልጆቹ በየክፍል ደረጃው እኩል ቢከፋፈሉ በ7ኛና በ8ኛ ወደ 450 ይሆናሉ፤ በእውነቱ ታችኞቹ ክፍሎች ስለሚበዙ ትንሽ ያንስ ይሆናል። እነዚህ ሌላ ቦታ ቢሄዱ ቀሪው 1,350 ልጅ በ24 ክፍል ሙሉ ቀን ሲማር በአንድ ክፍል 56 ይደርሳል፤ ለመምህራን ቅጥር ተጨማሪ ገንዘብ ሳይጠየቅ ፈረቃም ይቀራል፣ ከመለኪያውም ብዙ አንርቅም። ሜዳውን አትርፈን በአሮጌው ብሎክ ቦታ ላይ ብንሠራና 20 ክፍል ብቻ ቢኖረን እንኳ 67 ወይም 68 ይሆናል፤ ይህም ከዛሬው ይሻላል፤ ልጆቹም የሚሮጡበት መሬት አይጠፋም። እኔን ያወላወለኝም ይኸው ቁጥር ነው፤ ሜዳ የሌለው ትምህርት ቤት ምን እንደሚመስል እኛ ሰፈር ካለ አንድ የግል ትምህርት ቤት በየቀኑ አያለሁ። ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት ደረጃ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ።

በእርግጥ ሐሳቡ የራሱ ጣጣ አለው። መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሠራበት መሬት ከየት ይምጣ? ከግል ይዞታ የሚወሰድ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 እንደሚያዘው ባለይዞታው ካሳውን አስቀድሞ ማግኘት አለበት፤ ካሳ ደግሞ የከተማ አስተዳደር በጀት ይጠይቃል። የ13 ዓመት ሴት ልጃቸው አስፋልት ተሻግራ ሩቅ ቦታ እንድትሄድ የማይፈልጉ ወላጆችም እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ ሴት ልጄ እዚያ ዕድሜ ላይ ስትደርስ ምን እንደምል እርግጠኛ አይደለሁም። ቢሆንም ሁለትና ሦስት ሰፈሮች በጋራ የሚጠቀሙበት አንድ መካከለኛ ትምህርት ቤት መጠየቅ፣ እያንዳንዱ ሰፈር በየግቢው ሜዳውን እየበላ ፎቅ ከሚደራርብ፣ የተሻለ ክርክር የሚገባው ጉዳይ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሒሳቡን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱ ሰብሳቢ ሰጠኋቸው። በጥሞና አነበቡት፤ ከዚያም የሚቀጥለው ስብሰባ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደሚጠራና በመጥሪያው ላይ «ሙሉ ቀን ወይስ ፈረቃ» የሚል ጥያቄ እንዲገባ እንደሚያደርጉ ነገሩኝ። የ7ኛና የ8ኛውን ጉዳይ ግን «እሱ ከእኛ በላይ ነው፣ እህቴ» ብለው አጥፈው ከኪሳቸው ከተቱት። በዚህ ሳምንት ልጄ የከሰዓት በኋላ ፈረቃ ነው። ጠዋት ከቤት ስወጣ ከበሩ ላይ ቆሞ፣ ሱሪውን እንድጥፍለት በግራ በኩል እያሳየኝ ነበር።