የአህያዋ መስመር

ዛሬ መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ብስክሌቴን አቁሜ ውኃ ስጠጣ፣ አህያ የሚነዱ አንድ አዛውንት ደረሱብኝ። ሰላምታ ተለዋወጥንና የኋላውን ጎማ በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት።

«ልጄ፣ አየሩ አንሷል።»

ሆን ብዬ እንደቀነስኩት ነገርኳቸው። ለስለስ ያለ ጎማ ድንጋዩንና የዛፉን ሥር ተለጥጦ ይይዛል፤ የጠጠረው ግን ይነጥራል።

ጥቂት አሰቡና ወደ አህያቸው አመለከቱኝ። «እሷ ደግሞ እርጥብ ሥር አትረግጥም፤ ተሻግራው ነው የምታልፈው።»

እውነትም! ከጽዱ የወጣውን የሚያንሸራትት ሥር ሁሉ በቀስታ እየተሻገረች ደረቁን አፈር ብቻ ትረግጣለች። ኮቴዋን እየተከተልኩ ወረድኩ፤ አንድም ጊዜ አልተንሸራተትኩም። ይህን ለመማር ስንት ቪዲዮ አይተናል!

ደኑን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። በመካከሉ ያሉትን ቀጫጭን መንገዶች ግን የከፈቷቸው ጭነት የተሸከሙ እግሮች ናቸው። እኛ በስልካችን ካርታ ላይ መዝግበን «አዲስ መንገድ አገኘን» እንላለን፤ ድፍረታችን አይጣል ነው።

ቅዳሜ የምትመጡ ካላችሁ ሄልሜትና በቂ ውኃ ያዙ። ጠባቡ ላይ ጭነት የያዘች አህያ ከመጣች ደግሞ ወርዳችሁ አሳልፉ፤ ደወል መደወል ነውር ነው።