ላስቲክ፣ ዳይፐርና መርፌ፦ ታዳጊዎችን የማቴሪያል ሳይንስ በእጅ ማስተማር

ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል ከሚማሩ ታዳጊዎች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ በሳይንስ ክበብ ውስጥ ስለ ፖሊመር (ከረዣዥም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ስለተሠራ ቁስ) እና በጠቅላላው ስለ ማቴሪያል ሳይንስ፣ ማለትም ስለ ቁሶች ጥናት፣ የተግባር ሥራ እንሠራለን። በዚህ ሥራ ውስጥ ስቆይ አጥብቄ ያመንኩበት ነገር ቢኖር፣ አንድ ታዳጊ ስለ ቁሱ ማብራሪያ ከመስማቱ በፊት ቁሱን በእጁ ይዞ፣ ምን እንደሚሆን ገምቶ፣ ግምቱንም በወረቀት አስፍሮ ራሱ መፈተን ያለበት መሆኑ ነው። ግምት ያልቀደመው ሙከራ ትርኢት ሆኖ ይቀራል፤ ልጆቹ ይደነቃሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለምን እንዲያ እንደሆነ ሲጠየቁ ግን መልስ አይኖራቸውም።

ፖሊመር የሚለው ስም ለብዙ ተማሪዎች ሰሌዳ ላይ ከሚጻፍ ቀመር አያልፍም። ይሁንና ተማሪው የሚጽፍበት እስክሪብቶ፣ የለበሰው የጥጥ ሸሚዝ፣ የጫማው ሶል፣ በቤቱ ውሃ የሚቀመጥበት ጄሪካን፣ በምሳ ዕቃው ካለው እንጀራ ውስጥ የሚገኘው ስታርች፣ የራሱ ፀጉርና ጥፍር ሳይቀር ከረዣዥም የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ የሙከራ ዕቃ ከሩቅ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም።

ብዙውን ጊዜ የምጀምረው ገንዘብ በሚታሰርበት ላስቲክ ነው፤ ሰፋ ያለው ይሻላል። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ንጹሕ ላስቲክ ይይዝና መጀመሪያ ሳይለጥጠው የላይኛውን ከንፈሩን ያስነካዋል። ከዚያም በፍጥነት ለጥጦ ወዲያውኑ ከንፈሩን ሲያስነካው ላስቲኩ ሞቆ ያገኘዋል። እንደተለጠጠ ጥቂት አቆይቶ፣ ሙቀቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ በኋላ ሁለቱን ጫፎች ሳይለቅ ሲያላላው ደግሞ ይቀዘቅዛል። ከንፈርን የምንመርጠው ጥቂት የሙቀት ለውጥን ከጣት ይልቅ አጥርቶ ስለሚለይ ነው። አንዲት ተማሪ በዚህ ሙከራ ላይ «ቲቸር፣ የሚያሞቀው የእጄ ሙቀት ቢሆንስ?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄውን ራሴ ከምመልሰው ይልቅ ለቡድኗ መለስኩላቸው። እነርሱም ሳይለጥጡ ለእኩል ጊዜ በእጅ የተያዘ ሌላ ላስቲክ አዘጋጁ፤ ቀጥለውም በእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ይዘው ለጠጡት። ከመካከላቸው አንዱ «የእጅ ሙቀት ከሆነ ሲላላ ለምን ይቀዘቅዛል?» ባለ ጊዜ ክርክሩ ተዘጋ። ማመሳከሪያ ሙከራ ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም።

ቀጥሎ በላስቲኩ ላይ ክብደት እናንጠለጥላለን፤ ርዝመቱ ቢያንስ እጥፍ እስኪሆን ድረስ መለጠጡ አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱም በጥቂቱ ብቻ የተለጠጠ ላስቲክ የምንፈልገውን ጠባይ አያሳይም። ሙቅ ውሃ ሲፈስበት ክብደቱ ይወርዳል ወይስ ይወጣል? ሁሉም ማለት ይቻላል «ይወርዳል» ብለው ይጽፋሉ፤ በፊዚክስ ቁስ ሲሞቅ እንደሚለጠጥ ተምረዋልና። ውሃውን አዋቂ ሰው ያፈሳል፤ ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ሁለት ልጆች የገመድ ጫፍ ጫፉን ይዘው እንዲቆሙ፣ ሌሎቹ ደግሞ ገመዱን መሐል ለመሐል እንዲያርገበግቡት አደርጋለሁ። መርገብገቡ በበረታ መጠን ጫፍ የያዙት ልጆች ወደ መሐል ይሳባሉ። የላስቲኩ ሰንሰለቶችም ሲለጠጡ ይስተካከላሉ፤ ሙቀት ሲጨመርባቸው እንቅስቃሴያቸው ስለሚበረታ ጫፎቻቸውን ወደ ውስጥ ይስባሉ።

ይህን የላስቲክ ጠባይ ለመጀመሪያ ጊዜ መዝግበው ያሳተሙት እንግሊዛዊው ጆን ጎፍ ሲሆኑ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1805 ነበር። ጎፍ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ሙቀቱን የለዩትም እንደ እኛ ልጆች በከንፈራቸው ነው። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ጁል በ1859 ነገሩን በመለኪያ አረጋገጡት፤ ፖሊመር እጅግ ረጅም ሰንሰለት መሆኑን የሚገልጸውን ሐሳብ ጀርመናዊው ሄርማን ስታውዲንገር ያቀረቡት ግን በ1920 ነው፤ እርሳቸውም ለሥራቸው የኖቤል ሽልማት ያገኙት በ1953 ነበር። እንግዲህ ከንፈር ካወቀው ጀምሮ አእምሮ ምክንያቱን እስኪያገኝ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ይህን ታሪክ ለልጆቹ ሳልነግራቸው አላልፍም፤ ማየት የተሳነው ሰው ለሳይንስ ያበረከተውን ሲሰሙ፣ ዳሰሳ ራሱ ምልከታ መሆኑን ያለ ተጨማሪ ስብከት ይረዱታል።

ከላስቲክ ወደ ጎማ መሻገር ቀላል ነው። አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ቻርልስ ጉድየር እ.ኤ.አ. በ1839 ጥሬ ጎማን ከድኝ ጋር በማሞቅ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ የሚተሳሰሩበትን መንገድ አገኙ፤ ከዚያ በኋላ ጎማው በሙቀት የማይሟሽሽ፣ በብርድ የማይሰበር ሆነ። በመርካቶ ምናለሽ ተራ አካባቢ ያሉ ባለሙያዎች የመኪና ጎማን ቆርጠው በረባሶ የሚሠሩት ስለዚህ ነው፤ የተሳሰረ ሰንሰለት እንደገና ቀልጦ አዲስ ቅርጽ አይዝም፤ ጄሪካንና ፌስታል ግን ይቀልጣሉ። ልዩነቱን ለማሳየት ፕላስቲክ ማቃጠል ግን ፈጽሞ አልፈቅድም፤ ጭሱ መርዛማ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ፒቪሲ የተባለው የውሃ ቱቦ የሚሠራበት ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚያቃጥል የአሲድ ጋዝ ያወጣል።

የዳይፐሩ ሥራ ልጆቹን በብዛት የሚስብ ነው። አዲስ ዳይፐር ተቀዶ ከጥጡ ውስጥ ነጭ ብናኝ ይራገፋል፤ ብናኙ ወደ ሳምባ እንዳይገባ አፍና አፍንጫ ይሸፈናል። ሶዲየም ፖሊአክሪሌት የሚባለው ይህ ፖሊመር የክብደቱን 300 እጥፍ ያህል የተጣራ ውሃ ሊይዝ ይችላል። የተጣራ ውሃ የምናገኘው ከነዳጅ ማደያ ነው፤ አሲድ ያልተቀላቀለበት የባትሪ ውሃ መሆኑን በጥንቃቄ እናረጋግጣለን። ዋናው ትምህርት ያለው ግን ከዚህ በኋላ ነው። በተነፋው ጄል ላይ የገበታ ጨው ሲነሰነስ ጄሉ ይሟሽሽና ውሃውን ይለቃል። የሰውነት ፈሳሽን ያህል ጨው ባለው ውሃ ውስጥ የመያዝ አቅሙ ወደ 50 እጥፍ አካባቢ ይወርዳል። አንዱ ቡድን በተጣራ ውሃ፣ ሌላው በቧንቧ ውሃ፣ ሦስተኛው በጨው ውሃ እየመዘነ ውጤቱን በግራፍ ሲያስቀምጥ፣ ሽንት ጨዋማ ስለሆነ የዳይፐር ሠሪ መለካት ያለበት በንጹሕ ውሃ እንዳልሆነ ራሳቸው ይደርሱበታል። ሲጨርሱ ጄሉ ወደ ቆሻሻ እንጂ ወደ ቧንቧ አይደፋም፤ ቱቦ ይደፍናል።

ፕላስቲኮችን በውሃ መለየት ደግሞ አጭር ሥራ ነው። ከሃይላንድ ጠርሙስ የተቆረጠ ቁራጭ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ክዳኑ ይንሳፈፋል፤ የውሃ እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1 ግራም ያህል ሲሆን የጠርሙሱ ፕላስቲክ 1.38 አካባቢ፣ የክዳኑ ደግሞ ከ1 በታች ነውና። ትላልቅ የፕላስቲክ ማቀነባበሪያዎች የተፈጨ ጠርሙስን ከክዳኑ የሚለዩት በዚሁ ብልሃት ነው። በየሰፈሩ «ቆራሌው» እያለ የሚዞረው ሰው ከሚሰበስበው ዕቃ ጋር ሲያያዝ ለልጆቹ ይበልጥ ይገባቸዋል።

ከኮላና ቦራክስ ከሚባለው የጽዳት ዱቄት የሚሠራው ተለጣጭ ሊጥ በሁሉም ዘንድ ታዋቂ ቢሆንም እኔ ብዙ ቦታ አልሰጠውም፤ ልጆቹ ከተጫወቱበት በኋላ የሚለካ ነገር እምብዛም አይተርፍም፤ ቦራክስም ለትንንሽ ልጆች በነጻ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ወተትን በአቼቶ አርግቶ ካዚን ከሚባለው የወተት ፕሮቲን የልብስ ቁልፍ መሥራትንም የምሠራው የተበላሸ ወተት ሲገኝ ብቻ ነው፤ የወተት ዋጋ በሚታወቅበት ከተማ ጤናማ ወተት ለሙከራ መድፋት ልቤ አይፈቅድም።

ከፖሊመር ውጭ ከሁሉ አብልጬ የምወደው የመርፌ ሥራ ነው። የስፌት መርፌ ካርቦን ያለበት ጠንካራ ብረት ነው። አንዱ መርፌ እንደተገዛ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው በእሳት ቀልቶ አመድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፤ ሦስተኛው ቀልቶ ወዲያውኑ ውሃ ውስጥ ይነከራል። የዓይን መከላከያ አድርገን በፒንሳ ስናጎብጣቸው፣ አመድ ውስጥ የቀዘቀዘው እንደ ተራ ሽቦ ይጎብጣል፤ ውሃ የነካው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እንደ ሦስተኛው ውሃ የተነከረ ሌላ መርፌ ተወልውሎ በዝግታ ወደ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅና ሰማያዊ ቀለም ሲይዝ ደግሞ ስብራቱ ይቀንስና መልሶ የሚነጥር ይሆናል። የሁሉም መርፌ ንጥረ ነገር አንድ ነው፤ የተለወጠው የአተሞቹ አደራደር ብቻ ነው። የማቴሪያል ሳይንስ መሠረቱ ይህ ነው፤ ማጭድና ማረሻ የሚሠራ ቀጥቃጭ ደግሞ ይህን በዓይኑና በእጁ ጠንቅቆ ያውቃል። በአገራችን ቀጥቃጮች ለዘመናት በንቀት ሲታዩ ኖረዋል። ስለዚህ ይህን ሙከራ በሠራን ቁጥር የሙያው ባለቤቶች እነርሱ መሆናቸውን በግልጽ እናገራለሁ፤ ሲቻልም ልጆቹን ይዤ ወደ ሥራ ቦታቸው እሄዳለሁ።

አሁን የያዝነው ሥራ ክርን መበጠስ ነው። እኩል ርዝመት ባላቸው የጥጥና የናይለን ክሮች ላይ ባዶ ጠርሙስ ይንጠለጠላል፤ ክሩ እስኪበጠስ ድረስ ውሃ በዝግታ ይጨመራል፤ አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ግራም ስለሆነ ውጤቱ ያለ ውድ መሣሪያ ይለካል። ከዚያም ክሮቹ በውሃ ርሰው ይፈተናሉ። አብዛኞቹ ልጆች ሁለቱም ሲርሱ ይደክማሉ ብለው ገምተው ነበር፤ ናይለኑ በመጠኑ ደከመ፤ ጥጡ ግን ይበልጥ ጠነከረ። ይህን ያየ አንድ ልጅ አያቱ ከሚኖሩበት ከጉራጌ የእንሰት ቃጫ አመጣ። የቃጫው ክር ውፍረቱ ወጥ ስላልሆነ አንዱ በጥቂት ውሃ ሲበጠስ ሌላው ብዙ ይሸከማል፤ ቡድኑ በአሁኑ ጊዜ የሚከራከረው አማካዩ የሚታመን እንዲሆን ስንት ክር መፈተን እንዳለበትና የክሩ ውፍረት ያለ ማይክሮሜትር እንዴት እንደሚለካ ነው።