አጂካ የተሠራበት ቀን

ቤቱ አሁንም በርበሬ በርበሬ ይሸታል። አጂካ የጆርጂያ ማባያ ነው፤ በተለይ ሳሜግሬሎና አብካዝያ የሚባሉት አካባቢዎች። ስሙ የመጣው በአብካዝኛ «ጨው» ከሚለው ቃል ነውና እባካችሁ ጨው አትቀንሱበት፤ ከመበላሸት የሚጠብቀው እሱ ነው።

200 ግራም ዛላ በርበሬ፣ 100 ግራም የተላጠ ነጭ ሽንኩርት፣ 70 ግራም ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ድንብላል፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ኡትስኾ ሱኔሊ። ይህ የመጨረሻው የአብሽ ዘመድ ነው፣ ግን ለስለስ ይላል። ካጣችሁት ግማሽ ማንኪያ አብሽ ይበቃል፤ ከበዛ ይመራል።

በርበሬውን ቀንጥሳችሁና ፍሬውን አራግፋችሁ በሙቅ ውሃ 1 ሰዓት ዘፍዝፉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ውሃው በደንብ ካልተንጠፈጠፈ አጂካው ይቀጥናል፣ ቶሎም ይሻግታል። አንዷን ዛላ በጣት ጨመቅ አድርጉ፤ ጠብታ ከወጣ ገና ነው፣ ጨርቅ ላይ ይቆይ።

ድንብላሉን ሽታው እስኪወጣ ብቻ አመስ አድርጋችሁ ውቀጡት። ነጭ ሽንኩርቱን ከጨው ጋር በሙቀጫ ውቀጡ፣ ጨው ቶሎ ያደቀዋል። ከዚያ ሁሉንም ቀላቅላችሁ በስጋ መፍጫ 2 ወይም 3 ጊዜ አሳልፉት። ብሌንደር አይመችም፤ እንዲዞር ሲባል ውሃ ይጨመርና ልፋቱ ሁሉ ገደል ይገባል። ጓንት ሳታደርጉ እንዳትነኩት!

ቲማቲም አይገባም፣ እሳትም አያስፈልገውም።

በንጹሕ ብርጭቆ ዕቃ ፍሪጅ ይግባ፣ ማንኪያውም ደረቅ ይሁን። በ3ኛው ቀን ጣዕሙ ይዋሃዳል፤ ያኔ ዶሮ ቀብታችሁ ጥበሱበት።