ከጃኬቴ ኪስ የምትገባ ካሜራ

ሁለት ሳምንት ሙሉ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ካርቶን ይዤ ዞሬያለሁ። ወርዱ 10፣ ቁመቱ 6፣ ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር። የጫማ ካርቶን ቆርጬ በፕላስተር ያጣበቅኩት ነው። ቢሮ ውስጥ ያየችው ጓደኛዬ «ምንድን ነው እሱ፣ ክታብ ነው?» አለችኝ። ካሜራ ነው አልኳት፤ ከመግዛቴ በፊት በልኩ ሠርቼ ኪሴ ይገባ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነው። በማግስቱ ሌላ ይዤ መጣሁ፦ ወርዱ 13፣ ቁመቱ 7 ተኩል፣ ውፍረቱ ከ5 ያለፈ። ያ ፉጂፊልም ኤክስ100ቪ መሆኑ ነው። ኪሴ አልገባም አለ፤ በዚያው ከዝርዝሬ ወጣ። ቢገባም ኖሮ ዋጋው አይቀመስም ነበር። በፈረንጆቹ 2020 ሲወጣ 1,400 ዶላር የነበረ ዕቃ ቲክቶክ ላይ ፋሽን ሆነና ያገለገለው ከአዲሱ በላይ የተሸጠበት ጊዜ ነበር። የሴት ሱሪ ኪስ ደግሞ ከነአካቴው ለካሜራ አልተሰፋም። ለሳንቲምም አልተሰፋ።

ስልክ እያለሽ ምን አደከመሽ ትሉኝ ይሆናል። ስልክ መንገድ ላይ ሲወጣ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው ነጣቂ ነው። ሁለተኛው «ቲክቶክ ላይ ልትለቂን ነው?» የሚል ጥያቄ፤ ከዚያ በኋላ የሰው ፊት አይፈታም። ትልቁ ካሜራ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሊፈርስ ነው ሲባል፣ ሰርግ ከሚቀርጽ ወዳጄ ካሜራውን ከነትልቁ ሌንሱ ተውሼ ሄድኩ። ከቦርሳ ገና ሳላወጣው «ጋዜጠኛ ነሽ? ፈቃድ አለሽ?» መጣ። በረንዳቸው ላይ ቡና ሲጠጡ የነበሩት ሰዎች ሲኒያቸውን አስቀምጠው ልክ ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሱ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ያነሳሁት ፎቶ አለ፤ የሰፈሩን ሰው ሳይሆን ካሜራ የፈራ ሰው ነው የሚያሳየው። ያኔ ነው ሰው የማይፈራው ካሜራ መፈለግ የጀመርኩት።

ካሜራ ሱቅ ገብቼ ትንሽ ካሜራ አላችሁ ብል ባለ ሱቁ አዘነልኝ። «እህቴ፣ ትንሹን ካሜራ እኮ ስልክ በላው።» ይልቅ ብሎ ከሁለት ሌንስ ጋር የሚሸጠውን ትልቁን አወረደልኝ። ካርቶኔን አውጥቼ አሳየሁት። ባይስቅ ይሻል ነበር።

የልቤ ካሜራ ሪኮ ጂአር 3 ነበር፤ አሁንም ነው። 257 ግራም ብቻ ይመዝናል፣ ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) ግን የትልልቆቹ ካሜራዎች ነው። ለመንገድ ፎቶ ዋነኛው ነገሩ ግን ሴንሰሩ አይመስለኝም። ርቀቱን ቀድመሽ፣ ለምሳሌ ሁለት ሜትር ላይ፣ ትሞዪለታለሽ፤ ከዚያ ቁልፉን አንዴ ጥብቅ አድርገሽ ስትጫኚ ፎከስ ፍለጋ ሳይንተፋተፍ ያነሳል። በፈረንጆቹ 2019 ሲወጣ 900 ዶላር ገደማ ነበር። ለኔ ደመወዝ ቀልድ ነው። ሶኒ አርኤክስ100ን፣ በፈረንጆቹ 2012 የወጣውን የመጀመሪያውን፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ተቀብዬ አንድ ቅዳሜ ያዝኩት። ፎቶው ግሩም ነው፤ ገላው ግን ቅባት የነካው ብርጭቆ ነው፣ ሁለት ጊዜ ሊያመልጠኝ ነበር።

ስለዚህ ካኖን ኤስ95 ላይ ወደቅኩ። በፈረንጆቹ 2010 የወጣች፣ 10 ሜጋፒክስል ብቻ፣ ባትሪዋን ጨምሮ 200 ግራም የማትሞላ። ጥቁር ሆና አታብረቀርቅም። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የወደድኩት መልኳን ነው፤ ቄንጥ ምንም አይደለም የሚል ሰው ጫማ ሲገዛ አብሬው ልሂድና ልየው። ሌንሷን የከበበ ቀለበት አላት፤ እሱን ስታዞሪ ዙሙ ከሰፊው 28 ሚሊ ሜትር ወደ 35፣ ወደ 50፣ እስከ 105 ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። እኔ 35 ላይ ትቼዋለሁ።

የመጀመሪያዋን ቴሌግራም ላይ አግኝቼ ቀብድ ከፈልኩ። የተለጠፈው ፎቶ ሌላ፣ የመጣችው ሌላ። ስትከፈት ሌንሷ ግማሽ መንገድ ወጥቶ አሸዋ እንደሚያኝክ ሰው ይንቋቋል። ቀብዴ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያገለገለ ካሜራ ሳይ አሥር ጊዜ ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ጆሮዬን ሌንሱ ላይ ደቅኜ። የባትሪ ቤቱን ከፍቼ ዝገት አያለሁ። ቀጥሎ ብርሃን የሚያስገባውን የሌንስ ቀዳዳ እስከመጨረሻው አጥብቤ፣ በኤስ95 ከሆነ ኤፍ 8 ላይ አድርጌ፣ ነጭ ግድግዳ አነሳለሁ፤ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ካለ እንደ ዝንብ ኩስ ጥቁር ጥቁር ሆኖ ይታያል። ይህን ሳታዩ ብር አታውጡ።

ሁለተኛዋን የአክስቴ ልጅ በ130 ዶላር ገዝታ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ በዚያው በ2016 ሰኔ ላይ ይዛልኝ መጣች። ያኔ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በባንክ ዋጋ ልክፈልሽ ስላት ሳቀች። በስንት እንደተስማማን አልጽፍም፤ ብቻ በወሩ ሐምሌ 22 ምንዛሪው ለገበያ ተለቆ ዶላር ሲወደድ ደውላ «ዕድለኛ ነሽ» አለችኝ።

አሁን ስላላት ጥሩና መጥፎ። እንደሷ ባሉ አሮጌ ካሜራዎች ውስጥ ያለው፣ ሲሲዲ የሚባለው የቀድሞ ሴንሰር አስማት ነው፣ የድሮ ፊልም ያስመስላል የሚሉ ልጆች አሉ፤ የእነዚህን አሮጌ ካሜራዎች ዋጋ ያስወደዱትም እነሱ ናቸው። እኔ አስማቱን አላየሁትም። ቀን ላይ ቆንጆ ነው፤ ከመሸ ግን አይኤስኦው፣ ማለትም ለብርሃን ያላት ስሜት፣ 800 ሲያልፍ ፎቶው ሽሮ የተነሰነሰበት ይመስላል። የሪኮውን ብልሃት ግን ሰረቅኩላት። ፎከሱን በእጄ ሁለት ሜትር ላይ፣ ቀዳዳውን ኤፍ 4 ላይ አድርጌ የራሴን ቅንብር የምትይዝልኝ «ሲ» የምትለዋ ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ሴንሰሯ ትንሽ ስለሆነ ከአንድ ሜትር ጀምሮ እስከ መንገዱ ማዶ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል። ከኪስ ወጥታ፣ ተከፍታ፣ አንስታ እስክትመለስ ወያላው «ፒያሳ ፒያሳ» ብሎ አይጨርስም።

ፍላሿ ግን የሰይጣን ሥራ ናት። ግራ ትከሻዋ ላይ ተቀብራ፣ ስትፈልግ በሞተር ብቅ ትላለች፤ ልክ የግራ ጣቴ የሚያርፍበት ቦታ ላይ። ይህን ያወቅኩት ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ በቆሎ የሚጠብሱ እማማ ዘንድ ነው። ክረምት ነው፣ ሰማዩ ጠቁሯል፣ እሳቸው ከሰሉን በካርቶን እያራገቡ ፍንጣሪው ይበናል። ቁልፉን ስጫን ፍላሿ ከጣቴ ስር ልትወጣ ታገለችና ግጭጭ አለች፤ እኔ ደንግጬ ጣቴን ሳነሳ ቦግ! እማማ በቆሎውን ጣሉት።

«ልጄ፣ መብረቅ ነው?»

በቆሎውን ከፈልኩ፣ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ፍላሿን አጥፍቼ በድጋሚ አነሳኋቸው። ካሜራዋን ተቀብለው አገላብጠው አዩና «መጫወቻ ነው እንዴ?» ብለው መለሱልኝ፤ ወደ ሥራቸውም ዞሩ። የፈለግኩት ያን ነበር። ሦስተኛው ፎቶ ላይ ፊታቸው በፍሙ ብርሃን ግማሹ ቀልቶ፣ አፋቸው ከደንበኛ ጋር ዋጋ እየተከራከረ ነው።

አሳጥቤ ወሰድኩላቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። «ጠቁሬያለሁ» አሉ፤ «ደግሞ በዚህ አሮጌ ሹራብ! ቅዳሜ ነይ፣ ነጠላዬን ለብሼ ታነሺኛለሽ።» ቅዳሜ ስሄድ እውነትም ነጠላቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው ጠበቁኝ። ካሜራዋን አወጣሁ፣ ከፈትኩ፣ ሌንሷ ብቅ አለና ባትሪ አልቋል ብላ ተመልሳ ገባች። ማታውን መብራት አልነበረም፤ ትርፍ ባትሪም እስካሁን አላገኘሁም። በስልኬ አነሳኋቸው፤ እንደ መታወቂያ ፎቶ ቀጥ ብለው።

«ያቺ መጫወቻዋስ?» አሉኝ።