«ዓሣ» እና «አሳ» በአንድ ቀመር

ባሕር ዳር ውስጥ ከጣና አጥማጆች ዓሣ ተረክቦ ለሆቴሎች ለሚያከፋፍል አንድ ድርጅት የክፍያ ፕሮግራም ስሠራ፣ ስሌቱ እንደ ወቅቱ ስለሚለዋወጥ ቀመሩን ኮዱ ውስጥ ከመቅበር ይልቅ በዳታቤዝ ውስጥ በጽሑፍ መልክ አስቀምጬ የሒሳብ ሠራተኛዋ ራሷ እንድታስተካክለው አደረግሁ። የተጠቀምሁበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፓይተን፣ በፈረንጆች 2008 ከወጣው 3ኛ ዕትሙ ጀምሮ የግዕዝ ፊደልን ለተለዋዋጭ ስም ስለሚቀበል፣ «የዓሣ_ክብደት * ዋጋ - የበረዶ_ወጪ» የሚለውን ጽሑፍ ኢቫል ለተባለው፣ ጽሑፍን እንደ ኮድ ለሚያስፈጽመው የፓይተን ተግባር ስሰጠው ሳያንገራግር ያሰላልኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ኮርቼበት ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት አንድ አዛውንት አጥማጅ ደረሰኛቸውን ይዘው መጡ። 38 ኪሎ አምባዛ አስመዝነዋል፤ ክፍያው ግን 0 ብር ይላል።

«ልጄ፣ ዓሣው ተመልሶ ሐይቁ ገባ እንዴ?» አሉኝ።

ቀመሩን ስከፍተው የሒሳብ ሠራተኛዋ ቅዳሜ ዕለት የበረዶውን ተቀናሽ ስትለውጥ መስመሩን እንደ አዲስ ጽፋ፣ «የአሳ_ክብደት» ብላዋለች። ለአንባቢ ያው ዓሣ ነው፤ ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ሥርዓት ግን ሞክሼ ፊደላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው፣ ለፓይተን ይህ ፈጽሞ የማያውቀው ስም ነበር። እሱስ በደንቡ መሠረት «ይህን ስም አላውቀውም» ብሎ ጮኾ ነበር፤ ስህተት በተፈጠረ ቁጥር ዝም ብሎ 0 እንዲመልስ ያዘዝሁት እኔ ነኝ።

የአዛውንቱ ሒሳብ በዚያው ዕለት ተከፈለ። ከሰዓት በኋላ ግን የሥራ ባልደረባዬ ጉዳዩን ሰምቶ መጣና በዚያው የቀመር ሣጥን ውስጥ «9**9**9» ብሎ አስገባ፤ በፓይተን ** የኃይል (ፓወር) ምልክት ነው። ውጤቱ ከ369 ሚሊዮን በላይ አኃዞች ያሉት ቁጥር ስለሆነ ፕሮግራሙ ደርቆ ቀረ። «በዚህ ሣጥን ፋይል የሚያጠፋ ትእዛዝም መጻፍ ይቻላል እኮ» አለኝ፤ ልክ ነበር፣ ኢቫል የሒሳብ ቀመርን ከሌላ ትእዛዝ አይለይምና።

ኢቫልን አወጣሁት። አሁን ፕሮግራሙ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ፊደል ካመጣ በኋላ ጽሑፉን ሳያስፈጽም ይተነትነዋል፤ ከቁጥር፣ ከታወቁ ስሞችና ከአራቱ መደብ ስሌቶች ውጪ የሆነ ነገር ካገኘም ቀመሩን ገና ሲቀመጥ ይመልሰዋል፣ ያልገባውን ቃልም ለይቶ ያሳያል። የሒሳብ ሠራተኛዋ አሁንም «አሳ» ብላ ነው የምትጽፈው።