ቢጫዋ መብራት የተናገረችው ስለ አንድ ጎማ ብቻ ነበር

የጥምቀት በዓል ባለፈ በሳምንቱ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶቼ ጎንደርን ከከፍታ ላይ ሆነው እንዲያዩ ወደ ጎሃ ኮረብታ ወስጃቸው ስንመለስ፣ ቁልቁለቱን ጨርሰን ወደ ፒያሳ ልንዘልቅ ስንል በዳሽ ቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት በራች። ክብ ቅርጽ ያላት፣ በግራና በቀኟ የተቆራረጡ ቅስቶች ያሉባት ምልክት ናት። መኪናዬ እንደ ወትሮዋ ትቆማለች፤ ፔዳሉ አልላላም፤ የተለየ ድምፅም አልነበረም። ስለዚህ ከእንግዶቼ አንዱ «ምን ሆነች?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ምንም አይደለም» ብዬ አለፍኩት። ማታ ግን ያ መልሴ እንቅልፍ ነሳኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ እናቴን አሳፍሬ፣ ሊማሊሞን ወርጄ፣ እስከ ዛሪማ ለዘመድ ሰርግ የምሄድበት ቀጠሮ ነበረብኝና።

ብዙ አሽከርካሪዎች ሁለት የፍሬን መብራቶችን ሲያቀላቅሉ ስለማይ፣ ልዩነታቸውን እዚህ ላይ መግለጽ ይገባኛል። በክብ ውስጥ ቃለ አጋኖ ያለባት ቀይ መብራት የምትበራው የእጅ ፍሬን ሳይለቀቅ ሲቀር ወይም የፍሬን ዘይት ከሚገባው በታች ሲወርድ ነው፤ የእጅ ፍሬኑ ተለቅቆ ሳለ እርሷ ከበራች መኪናውን ዳር አስይዞ ማቆም እንጂ ጉዞ መቀጠል አይገባም። ቢጫዋ የምትናገረው ስለ ፍሬን ሸራው ነው፤ ሸራ ማለት ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን የብረት ዲስክ ከውስጥና ከውጭ ጨምቆ መኪናውን የሚያቆመው ክፍል ነው። በሸራው ውስጥ፣ ሊያልቅ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲቀረው በሚደረስበት ጥልቀት ላይ፣ ቀጭን ሽቦ ተቀብሯል፤ ሸራው እየተበላ ሄዶ የሚሽከረከረው ዲስክ ሽቦውን ሲነካው ወይም ሲበጥሰው መብራቷ ትበራለች። አዲስ የፊት ሸራ በአብዛኛው ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሲኖረው፣ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ መቀየር አለበት። በከተማችን በብዛት ከሚታዩት አሮጌ መኪናዎች ብዙዎቹ ይህ ሽቦ የላቸውም፤ በእርሱ ፈንታ ከሸራው ጋር የተያያዘች ትንሽ የብረት ምላስ አለቻቸው፤ ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን እየፋቀች ሲጥ ሲጥ የሚል ቀጭን ድምፅ ታሰማለች። የእኔዋ አሮጌ ጎልፍ ግን ባለ ሽቦ ናት፤ ሽቦውም ያለው በግራው የፊት ጎማ ላይ ብቻ ነው። ይህን የመጨረሻውን ነገር በዚያ ምሽት አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ለረጅም ዘመን የጭነት መኪና የነዱት ጎረቤቴ ኮፈኑን አስከፍተውኝ የፍሬን ዘይቱን ዕቃ አዩና «ልጄ፣ ዘይቷ ጎድላ ነው፤ ጨምርላት» አሉኝ። እውነትም ጎድሏል፤ ከዝቅተኛው መሥመር በላይ ግን ነበር። ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሸራው እየሳሳ ሲሄድ፣ በዘይቱ ግፊት ሸራውን ወደ ዲስኩ የሚገፋው ፒስተን እርሱን ተከትሎ ወደ ፊት ይወጣል፤ ፒስተኑ የለቀቀውን ቦታም ዘይቱ ይሞላዋል። ስለዚህ አንዲት ጠብታ ሳይፈስ በዕቃው ውስጥ ያለው ዘይት ዝቅ ይላል፤ መጉደሉ ራሱ ስለ ሸራው የሚሰጥ ምስክርነት ነው። ዘይት ሲጨመር ምስክሩ ይጠፋል፤ ከዚያም አልፎ አዲስ ሸራ የሚገጠም ዕለት ፒስተኑ ወደ ኋላ ሲገፋ የተጨመረው ዘይት ሞልቶ ይፈስሳል፤ የነካውን ቀለምም ይልጠዋል። ጋሼን አመስግኜ፣ ዘይት ሳልጨምር፣ ወደ አንድ ጋራዥ ሄድኩ።

በጋራዡ ያገኘሁት ወጣት መካኒክ ቡሎኖቹን ፈትቶ የግራውን የፊት ጎማ ካወረደ በኋላ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ወንድሜ፣ ይቺ ባለ ሽቦዋ ሸራ እዚህ አትገኝም። ሌላ ሸራ እገጥምልሃለሁ፤ ሽቦዋን ቆርጬ ላገናኛትና መብራቷም ትጥፋልህ» አለኝ። ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብዙ ደንበኞች ከእርሱ የሚፈልጉት መብራቱ እንዲጠፋላቸው ስለሆነ እንጂ። ነገር ግን የሽቦው ሁለት ጫፎች አንድ ጊዜ ከተጠማዘዙ በኋላ፣ ሸራው አልቆ ብረት ከብረት ጋር ቢፋተግ እንኳ መብራቷ አትበራም። ሽቦ የሌለው ሸራ መግጠም በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ባለቤቱ ሽቦው መታሰሩን እያወቀ ጎማውን በየጊዜው እያስወረደ የሚያይ ከሆነ በደኅና ይነዳል። መኪናው በሽያጭ ወደ ሌላ እጅ ሲገባ ግን ገዢው ዳሽ ቦርዱን አይቶ ሁሉ ነገር ሰላም ነው ብሎ ያምናል፤ ልጆቹንም አሳፍሮ ቁልቁለት ይወርዳል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ሰው ነው። ስለዚህ «ሽቦዋን አትንካት፤ ጎማዋን መልሰህ እሰርልኝ» አልኩት፤ የድካሙንም ከፍዬ ወጣሁ።

ወደ አዘዞ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚወስደው መንገድ አብዛኛው ቁልቁል ነው፤ ባጃጆች በድንገት የሚቆሙበት፣ አህዮችም የሚያቋርጡት መንገድ በመሆኑ ፍሬን የማይረገጥበት ደቂቃ የለም። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚጫን የፊት ሸራዎች ከኋላዎቹ ቀድመው ያልቃሉ፤ እንደ ጎንደር ባለ አቀበትና ቁልቁለት በበዛበት ከተማ ደግሞ ይብስባቸዋል። በአዘዞ ያገኘኋቸው መካኒክ በዕድሜ የገፉ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሰው ናቸው። የመብራቷን ነገር አስረድቼ ስጨርስ ክሪኩን የተከሉት በቀኝ በኩል ነበር። «ጋሼ፣ መብራቷ እኮ የግራው ናት» አልኳቸው። «የግራውንማ ነገረችህ፤ የቀኙን ማን ይንገርህ?» አሉኝ።

የቀኙ ጎማ ሲወርድ ከውጭ የሚታየው ሸራ ገና 4 ሚሊ ሜትር ያህል ቀርቶት ነበር፤ በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቄ አይቼ ቢሆን ኖሮ ደኅና ነው ብዬ እሄድ ነበር። ሁለቱን ሸራዎች አቅፎ የሚይዘውን ካሊፐር ገልብጠው የውስጠኛውን ሸራ አውጥተው መዳፌ ላይ ሲያኖሩልኝ ግን ዝም አልኩ። ከብረቱ ጀርባ ላይ የቀረችው ሸራ ከአንድ ብር ሳንቲም ውፍረት እምብዛም የማትበልጥ ስስ ሽፋን ነበረች፤ አንደኛው ጫፏም ከሌላው ይልቅ ተበልቷል። መብራቷን ያበራው የግራው ሸራ እንኳ ከዚህ ይሻል ነበር። ካሊፐሩ ወዲህና ወዲያ የሚንሸራተትበትን ፒን በፒንሳ ይዘው እየጠመዘዙ አወጡት፤ ግማሹ አንጸባራቂ፣ ግማሹ ቡናማ ዝገት የለበሰ ነበር። ፒኑን የሚሸፍነው ላስቲክ ተቀድዶ አቧራና የእጥበት ውኃ ገብቶበት ስለ ነበር ካሊፐሩ መንሸራተት ትቶ፣ ሥራውን ሁሉ የውስጠኛው ሸራ ብቻውን ሲሠራ ኖሯል። አዲስ ሸራ በዚያ ፒን ላይ ቢገጠም ኖሮ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደዚያው ይሆን ነበር። ዲስኩ ላይ በጥፍር የሚዳሰስ ቦይ ወጥቶበት ስለ ነበር ውፍረቱን ለኩት፤ በዲስኩ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ልክ ገና በላይ በመሆኑ ቶርኖ ቤት ተልኮ ተላጠ።

ባለ ሽቦው ሸራ በከተማችን እንደማይገኝ ወጣቱ የነገረኝ እውነት ነበር። የሻንሲ ቁጥሩን ለእህቴ ልጅ ላክሁለትና በመርካቶ ሶማሌ ተራ ፈልጎ አገኘው፤ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ያለውን መንገድም በአውሮፕላን በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ አቋርጦ ሐሙስ ዕለት አዘዞ ደረሰ። በእነዚያ ቀናት መኪናዋ ጋራዥ ቆማ እኔ በባጃጅ ተመላለስኩ። ሸራ በአንድ ጎማ ብቻ አይቀየርም፤ የግራውና የቀኙ እኩል ካልያዙ መኪናው ሲቆም ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ሽቦውም አንዴ ዲስክ ከነካው ዳግም ስለማያገለግል አብሮ ይቀየራል።

ስለ ገጠማው አብዛኛውን ለመካኒክ መተው ይሻላል፤ ሆኖም ሲሠራ ቆሞ የሚያይ ሰው ልብ ሊላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የሸራው ብናኝ በኮምፕሬሰር አየር መነፋት የለበትም፤ ቀድሞ የተሠሩ ሸራዎች አስቤስቶስ ስላለባቸው ብናኙ ሳንባን ይጎዳል። እኒህ ሰው በእርጥብ ጨርቅ ነበር የጠረጉት። ለፒኑ የሚቀባው ግራሶ ሙቀት የሚችል፣ ለፍሬን ተብሎ የተሠራ መሆን ይኖርበታል፤ ተራው ግራሶ ላስቲኩን ያሳብጠዋል። ከሁሉ በላይ ግን ሥራው አልቆ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ ደጋግሞ መረገጥ አለበት፤ ፒስተኑ ወደ ኋላ ተገፍቶ ስለ ነበር የመጀመሪያው ርግጫ እስከ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። ይህን የዘነጋ ሰው ከጋራዡ በር ወጥቶ የሚቀጥለውን መኪና ይገጫል።

የፍሬን ዘይቱም እንዲቀየር ጠየቅሁ። ዘይቱ ከጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን፣ እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን 155 ዲግሪ አካባቢም ሊፈላ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑ ሳይለቀቅ ሲቆይ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይተላለፋል፤ ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ተረግጦ ጎማው አይያዝም። ሸራው አዲስ ቢሆንም ከዚህ አያድንም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሣን። አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፈን እስከ ደባርቅ ያለውን 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ አዲሱ ሸራ ከዲስኩ ጋር እንዲላመድ በኃይል ሳልረግጥ ነዳሁ። ከደባርቅ በኋላ መንገዱ በሊማሊሞ ገደል ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል። ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን የቀደዱት መንገድ ነው፤ ዛሬም መሪ የያዘውን ሰው ሁሉ ትዕግሥቱን ይፈትናል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ እዚህ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ፎሌ አድርገው የሚወርዱ አሽከርካሪዎች አሉ፤ የመኪናውን ክብደት ሁሉ በሸራው ላይ ይጭኑታል፤ ሞተሩ ሊይዘው የሚችለውን ሸክም ለሁለት ጣት ለማይሞላ ሸራ ይሰጡታል። እኔ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ፍሬኑን አጠር አጠር አድርጌ እየረገጥኩ መልሼ እየለቀቅሁ ወረድኩ። በመካከል የተቃጠለ ሽታ ሲመጣ እናቴ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አድርጋ «ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች። ሽታው ከፊታችን ይወርድ ከነበረ የጭነት መኪና ነበር፤ ዳር ይዤ ቆምኩና እስኪርቅ ድረስ ጠበቅን።

ቁልቁለቱ አልቆ ሙቀቱ ሲቀበለን እንደገና ቆምኩ፤ ወርጄም መዳፌን ሳላስነካ በቸርኬዎቹ አጠገብ አንድ በአንድ ያዝኩት። የግራውና የቀኙ ግለት እኩል ነበር። ቢጫዋ መብራትም አልበራችም። እናቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «ልጄ፣ ደኅና ናት?» አለችኝ።

«ደኅና ናት እማዬ፤ ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ» አልኳት።