አጥንቴ ውስጥ የገባውን የውሻ ኮሶ እንዴት ታከምኩ

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ዳሌዬን ለረጅም ጊዜ ሲያመኝ መጀመሪያ የተነገረኝ የአጥንት ቲቢ ነው የሚል ነበር። እኛ አገር ቲቢ ስለሚበዛ ጥርጣሬው አይገርምም። መድኃኒቱን ብወስድም ሕመሙ ግን ፈቀቅ አላለም። በኋላ ኤምአርአይ ስነሣ ዳሌ አጥንቴ ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ከረጢቶች ታዩ። በቀዶ ሕክምና የወጣው ሲመረመር የውሻ ኮሶ ትል እጭ ሆነ። ኤኪኖኮከስ ይባላል።

ሐኪሜ ነገሩን በግልጽ አስረዳኝ። ጉበት ላይ ሲወጣ ሰውነት ዙሪያውን ግድግዳ ያበጅለታል። አጥንት ውስጥ ግን ያ ግድግዳ የለም፤ በአጥንቱ ክፍተቶች እየሾለከ ይሄዳል። «እኔ ያየሁትን አወጣለሁ፤ ላላየሁት መድኃኒቱን አደራ» አለኝ።

መድኃኒቱ አልበንዳዞል ነው። ለሆድ ትል አንዴ ተውጦ የሚተወው ያው እንክብል። እኔ ግን 400 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ ለብዙ ወራት። ቤተሰቤ «ለሆድ ትል መድኃኒት ይሄ ሁሉ ጊዜ?» እያሉ ይገረሙ ነበር።

የከበደኝ ጾሙ ነው። አልበንዳዞል በባዶ ሆድ ከተዋጠ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን እስከ 5 እጥፍ ይጨምራል። ሁዳዴ ሲገባ ጨነቀኝና የንስሐ አባቴን አማከርኩ። «ልጄ፣ ሕመምተኛ አይገደድም፤ ጠዋት ቅመሺ» አሉኝ። ቅቤና ወተት ሳልነካ መላ አገኘሁ፦ ጠዋት ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ ደህና አድርጌ ቀብቼ፣ ማታ ዘይት የጠገበ ሽሮ ከአቮካዶ ጋር። የምትጾሙ ካላችሁ ይህን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት፤ ብዙ ጊዜ ማንም አያነሣውም።

የደም ምርመራውንም እንዳትዘሉ። መድኃኒቱ ጉበትን ሊጎዳ፣ ነጭ የደም ሴልንም ሊቀንስ ይችላል። የኔ የጉበት ምርመራ ውጤት አንድ ሰሞን ከፍ ብሎ ስለታየ ሐኪሜ አስቁሞኝ፣ ሲረጋጋ መልሶ አስጀመረኝ። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ለትሉ ዕድል መስጠት ነው። ለእርጉዝ ሴት በአብዛኛው አይሰጥም፤ እኔም እስክጨርስ እርግዝና እንድከላከል ተነግሮኛል።

አሁን ያለ ምርኩዝ እሄዳለሁ። ሐኪሜ ግን «ድነሻል» ለማለት አልቸኮለም። አጥንት ላይ ያለው ከዓመታት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል ኤምአርአይ እየተነሣሁ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ በዓል ሲመጣ በየግቢው በግ ይታረዳል። ሳምባው ወይም ጉበቱ ላይ ነጣ ያለ፣ ውሃ የቋጠረ እብጠት ከታየ «አይበላም» ይባልና ለውሻ ይወረወራል። እብጠቱ የዚሁ ትል እጭ ከሆነ፣ የበላው ውሻ አንጀት ውስጥ ትሉ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በእጅ፣ በውሃና ባልታጠበ ጎመን ወደ እኛ ይደርሳል። ዘንድሮ ለፋሲካ ከጎረቤቶቼ ጋር ውሻ የማይቆፍረው ጥልቅ ጉድጓድ አዘጋጅተን የተበላሸውን ሁሉ እዚያ ቀበርን። ለውሾቹም ከእንስሳት ሐኪም ፕራዚኳንቴል የሚባል የኮሶ ትል መድኃኒት አስመጥተናል፤ አንዴ ሰጥቶ መተው ስለማይበቃ እየደጋገምን እንሰጣቸዋለን።